አስርዮሽ ቁጥሮችን ማነጻጸርና ማባዛት፦ ከስሌቱ በፊት መጠኑን የማየት ዘዴ

0.125 እና 0.5 ከሚባሉት ሁለት ቁጥሮች የትኛው ይበልጣል ተብሎ ሲጠየቅ፣ አስርዮሽን ገና የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ 0.125 ብሎ ይመልሳል፤ ለምን ቢባልም 125 ከ5 ስለሚበልጥ ነው ይላል። ይኸው ሰው 8 በ0.5 ሲባዛ ስንት ይሆናል ቢባል፣ መልሱ ከ8 እንደሚበልጥ ይጠብቃል፤ ማባዛት ቁጥርን የሚያሳድግ ስሌት እንደሆነ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጀምሮ ለምዷልና። ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ለሙሉ ቁጥሮች ትክክል የሆነ ልማድ ነጥቡን ተሻግሮ ወደማይሠራበት ቦታ ገብቷል። ይህ መመሪያ አስርዮሽ ቁጥሮች እንዴት እንደሚነጻጸሩ፣ ሲባዙ ለምን አንዳንዴ እንደሚያድጉ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደሚያንሱ፣ እንዲሁም መልሱ ገና ሳይሰላ የት አካባቢ እንደሚያርፍ እንዴት ማወቅ እንደሚቻል ያስረዳል። አንባቢው ሙሉ ቁጥሮችን ማባዛትና ቀላል ክፍልፋዮችን ማንበብ ከቻለ በቂ ነው።

ከነጥብ በስተቀኝ ያሉት ቤቶች

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከቁጥር ቤቶች ነው። በ444 ውስጥ ያሉት ሦስት አሃዞች መልካቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ቤት በተጓዝን ቁጥር የአሃዙ ዋጋ ወደ አንድ አስረኛው ይወርዳል፤ 400፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 4። አስርዮሽ ነጥብ ይህ ጉዞ «አንድ ቤት» ከሚባለው፣ ከሙሉ ቁጥሩ የመጨረሻ ቤት በኋላም እንዲቀጥል ያስችላል፤ ሌላ ምንም አዲስ ሕግ አያመጣም። በ444.44 ውስጥ ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 4 አራት አስረኛ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ አራት መቶኛ ነው፤ ሌላ ቢከተል አራት ሺኛ ይሆናል። ነጥቡ ራሱ ዋጋ የለውም፤ ሥራው «አንድ ቤት» የት ላይ እንዳለ ማመልከት ብቻ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በነጥብ ፈንታ ኮማ የሚጻፈውም፣ ምልክቱ ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ስለሆነ ነው።

ቤቶችን ወደ ቀኝ የማስቀጠል ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አለው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አል ኡቅሊዲሲ አስርዮሽ ክፍልፋዮችን ተጠቅሟል፤ በአውሮፓ እንዲስፋፉ ትልቅ ድርሻ ያበረከተው ሲሞን ስቴቪን ደግሞ ስለ ጉዳዩ የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1585 አሳትሟል። ስቴቪን ነጥብ አይጠቀምም ነበር፤ ከእያንዳንዱ አሃዝ አጠገብ ቤቱን የሚናገር በክብ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር፤ ለአስረኛ 1፣ ለመቶኛ 2፣ ለሺኛ 3። አጻጻፉ ረጅምና አድካሚ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የእያንዳንዱን አሃዝ ቤት ለመርሳት አያስችልም። ዛሬ እነዚያ ምልክቶች ከወረቀቱ ላይ ስለጠፉ ቤቱን በአእምሮ መያዝ የአንባቢው ኃላፊነት ሆኗል። ወደዚህ አጻጻፍ ስለ ማባዛት ስንናገር እንመለሳለን።

ከቤቶቹ ሥርዓት ስለ ዜሮ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ከነጥብ በኋላ ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ የሚጨመር ዜሮ የትኛውንም አሃዝ ከቤቱ ስለማያንቀሳቅስ መጠኑን አይለውጥም፤ 0.5፣ 0.50 እና 0.500 አንድ ቁጥር ናቸው። በነጥቡና በአሃዙ መካከል የሚገባ ዜሮ ግን አሃዙን ወደ ቀኝ ስለሚገፋው ዋጋውን ወደ አንድ አስረኛው ያወርደዋል፤ ስለዚህ 0.05 የ0.5 አንድ አስረኛ ነው። በመለካት ሥራ ላይ 2.50 ሜትር ተብሎ የተጻፈ ርዝመት እስከ ሴንቲሜትር ድረስ በጥንቃቄ መለካቱን ሊያመለክት ስለሚችል የመጨረሻው ዜሮ መረጃ ይዟል፤ በመጠን ረገድ ግን ከ2.5 ጋር እኩል ነው።

አነባበብም ዋጋ አለው። 0.125ን «ዜሮ ነጥብ መቶ ሃያ አምስት» ብሎ ማንበብ በዕለት ተዕለት ንግግር የተለመደ ቢሆንም ለጀማሪ ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጆሮ «መቶ ሃያ አምስት» ሲሰማ አእምሮ ወዲያውኑ ከ«አምስት» ጋር ያወዳድረዋል። አሃዞቹን አንድ በአንድ፣ «ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት አምስት» ብሎ ማንበብ ይሻላል፤ ቢያንስ በትምህርቱ ወቅት ደግሞ አንድ አስረኛ፣ ሁለት መቶኛ፣ አምስት ሺኛ እያሉ ቤቱን ጭምር መጥራት ከሁሉ ይበልጣል።

ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር

ሁለት አስርዮሽ ቁጥሮችን ለማነጻጸር ነጥባቸው በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንዲውል አድርገው አንዱን ከሌላው በታች ይጻፉ፤ ከዚያም ከግራ ጀምረው ቤት በቤት ያስተያዩ። አሃዞቹ እኩል እስከሆኑ ድረስ ወደ ቀኝ ይሂዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተለያዩ አሃዞች የተገኙበት ቤት ፍርዱን ይሰጣል፤ በዚያ ቤት ትልቁን አሃዝ የያዘው ቁጥር ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት አሃዞች ምንም ያህል ቢበዙ ፍርዱን አይለውጡም።

0.6094 እና 0.61ን እንውሰድ። በአንድ ቤት ሁለቱም 0 ናቸው። በአስረኛ ቤት ሁለቱም 6 ናቸው። በመቶኛ ቤት የመጀመሪያው 0፣ ሁለተኛው 1 ስለሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ፤ 0.61 ይበልጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ከዚህ በኋላ 9 እና 4 የሚሉ አሃዞች ቢኖሩትም፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚያወጡት 0.0094 ብቻ ስለሆነ አንዱን መቶኛ፣ ማለትም 0.01ን፣ ሊደርሱበት አይችሉም። ይህ ለዚህ ምሳሌ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከመቶኛ ቤት በስተቀኝ ያሉትን ቤቶች በሙሉ በ9 ብንሞላቸውና የ9ኞቹ ሰልፍ የሆነ ቦታ ላይ ቢቆም፣ ድምራቸው ምንጊዜም ከአንድ መቶኛ ያንሳል፤ 0.009፣ 0.0099፣ 0.00999 እያለ ወደ 0.01 ይጠጋል እንጂ አይደርስም። በየትኛውም ቤት ላይ ያለ አንድ አሃድ ከእሱ በስተቀኝ ካሉት ሁሉ ድምር ስለሚከብድ፣ ከግራ መጀመር የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የግድ ነው።

ብዙ መምህራን የሚያስተምሩት ሌላ መንገድም አለ፤ በአጭሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ ዜሮ እየጨመሩ የሁለቱን ርዝመት ማስተካከል። 0.61 ወደ 0.6100 ከተለወጠ በኋላ 6100 ከ6094 መብለጡ ወዲያው ይታያል። መንገዱ ምንጊዜም ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን ተማሪው ቁጥሮቹን እንደገና እንደ ሙሉ ቁጥር እንዲያያቸው ስለሚጋብዝ፣ ዜሮ መጨመሩን የረሳ ዕለት ወደ ቀድሞው ስሕተት ይመለሳል። ስለዚህ ለማረጋገጫ ቢያገለግል ይሻላል እንጂ የመጀመሪያ ትምህርት ባይሆን እመርጣለሁ።

ስሕተቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ረጅሙ ይበልጣል የሚለው ሲሆን፣ ከላይ እንዳየነው የአሃዞቹን ሰልፍ እንደ ሙሉ ቁጥር ከመቁጠር ይመጣል። ሁለተኛው አጭሩ ይበልጣል ይላል። ይህን የሚል ተማሪ መቶኛ ከአስረኛ እንደሚያንስ በትክክል ተረድቷል፤ 0.73 እስከ መቶኛ ስለሚወርድ ከ0.4 ማነስ አለበት ብሎ ይደመድማል። ያልተረዳው፣ 73 መቶኛ በውስጡ ሰባት ሙሉ አስረኛዎችን መያዙን ነው። ግማሽ እውቀት ስለያዘ ይህን ተማሪ ማቃናት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል፤ ያወቀውን እንዳይጥል እየተጠነቀቁ የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መምህርም ወላጅም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ የተሳሳተ አስተሳሰብ ትክክለኛ መልስ ሊያወጣ ይችላል። 0.86 እና 0.3 ሲቀርብለት ረጅሙ ይበልጣል ባዩ 0.86ን ይመርጣል፤ መልሱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ስሕተት ነው። 0.4 እና 0.375 ሲቀርብለት ደግሞ ይወድቃል። አጭሩ ይበልጣል ባዩ በተቃራኒው የኋለኛውን ጥንድ አልፎ የፊተኛውን ይስታል። 0.47 እና 0.52 ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ሁለቱም ተማሪዎች በትክክል ይመልሱታል፤ ስለዚህም ርዝመታቸው እኩል በሆኑ ቁጥሮች ብቻ የተዘጋጀ ፈተና ስለ ተማሪው ግንዛቤ የሚነግረን ነገር የለም። ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው ረጅሙ የሚያንስበትን፣ ረጅሙ የሚበልጥበትን፣ እንዲሁም እንደ 0.08 እና 0.7 ያለ ከነጥብ ቀጥሎ ዜሮ የገባበትን ጥንድ ማካተት አለበት። በዚህ የመጨረሻው ጥንድ 0.08ን የሚመርጥ ተማሪ ዜሮውን እንደሌለ ቆጥሮታል ማለት ነው።

ራስዎን ለመፈተን 0.5፣ 0.054፣ 0.405፣ 0.5004 እና 0.45ን ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሯቸው። በአስረኛ ቤት 0 ያለው 0.054 ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ይመጣል። በአስረኛ ቤት 4 ካላቸው ሁለቱ 0.405 በመቶኛ ቤት 0 ስላለው 0.45ን ይቀድማል። 0.5 እና 0.5004 እስከ ሺኛ ቤት እኩል ሆነው ከዚያ በኋላ ይለያያሉ፤ 0.5004 መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ክፍልፋይና አስርዮሽ ተቀላቅለው ሲመጡ ደግሞ ክፍልፋዩን አካፍሎ ወደ አስርዮሽ መለወጥ ይበቃል፤ ሦስት ስምንተኛ 0.375 ስለሆነ ከ0.38 ያንሳል፤ ሁለት ሦስተኛ 0.666 እያለ ማለቂያ የሌለው ስለሆነ ከ0.66 ይበልጣል፣ ከ0.67 ያንሳል።

ከሙሉ ቁጥሮች የሚለየን ሌላም ነገር አለ። ከ3 ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉ ቁጥር 4 ነው፤ ከ0.3 ቀጥሎ የሚመጣው አስርዮሽ ቁጥር ግን የቱ ነው ቢባል መልስ የለውም። 0.4 እንዳንል 0.35 በመካከል አለ፤ 0.31 እንዳንል 0.305 አለ፤ 0.301 እንዳንል 0.3005 አለ። በማናቸውም ሁለት የተለያዩ አስርዮሽ ቁጥሮች መካከል ምንጊዜም ሌላ ቁጥር ይገኛል። ከዜሮ በታች ያሉት ደግሞ አቅጣጫቸው ይገለበጣል፤ 0.35 ከ0.3 ቢበልጥም፣ በቁጥር መስመር ላይ ኔጌቲቭ 0.35 ከኔጌቲቭ 0.3 በስተግራ ስለሚውል ያንሳል።

በተግባር ላይ ማነጻጸሩ የሚያሻማበት ጊዜ አለ። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል፤ ያሻሻለው የራሱ ክብረ ወሰን፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቤጂንግ ያስመዘገበው 9.69 ሴኮንድ ነበር። አንድ ሯጭ በ9.6 ሴኮንድ ቢገባ ከ9.58ቱ ይፈጥናል? አይፈጥንም፤ 9.6 ማለት 9.60 ስለሆነ በሁለት መቶኛ ሴኮንድ ወደኋላ ይቀራል። በሰዓት አቆጣጠር ደግሞ 1.5 ሰዓት ማለት አንድ ሰዓት ከ30 ደቂቃ እንጂ አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ አይደለም፤ ነጥቡ በአስር ይከፍላል፣ ሰዓት ግን በ60 ይከፈላል። ነጥብ ያለበት ጽሑፍ ሁሉም አስርዮሽ ቁጥር አለመሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል። የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ 3.10 የተሰኘው እትም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ከ3.9 በኋላ ነው፤ እንደ አስርዮሽ ቢነበብ ግን 3.10 ማለት 3.1 ስለሆነ ከ3.9 ያንስ ነበር። እዚያ ላይ ነጥቡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን የሚለይ ምልክት ብቻ ነው፤ የመጽሐፍ ምዕራፎችና ንዑስ ክፍሎች አቆጣጠርም እንዲሁ ነው።

ሲባዙ ለምን ያንሳሉ?

ማባዛት ቁጥርን ያሳድጋል የሚለው እምነት የሚመጣው ማባዛትን ተደጋጋሚ መደመር ብቻ አድርጎ ከመያዝ ነው። 3 ጊዜ 8 ማለት 8ን ሦስት ጊዜ መደመር ነው፤ ይህ ትክክል ነው። 0.7 ጊዜ 8 ሲባል ግን 8ን ዜሮ ነጥብ ሰባት ጊዜ መደመር ትርጉም አይሰጥም። ለሁለቱም የሚሠራው ትርጉም፣ አባዢው ከተባዢው ምን ያህሉን እንደምንወስድ ይነግረናል የሚለው ነው። 3 ሲሆን ሦስት እጥፉን፣ 1 ሲሆን ራሱን፣ 0.7 ሲሆን ሰባት አስረኛውን እንወስዳለን። የ8 አንድ አስረኛ 0.8 ነው፤ ሰባቱ 5.6 ይሆናሉ። ከሙሉው ላይ ከፊሉን ብቻ ስለወሰድን ውጤቱ ከ8 ማነሱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህ የምናገኘው መለኪያ 1 ነው። ማንኛውንም ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ከ1 በሚበልጥ ቁጥር ብናባዛው ያድጋል፤ በ1 ብናባዛው ባለበት ይቆያል፤ በዜሮና በ1 መካከል ባለ ቁጥር ብናባዛው ያንሳል። ስለዚህ 47 በ0.98 ሲባዛ ከ47 በጥቂቱ እንደሚያንስ፣ በ1.03 ሲባዛ በጥቂቱ እንደሚበልጥ፣ በ0.5 ሲባዛ ግማሹ እንደሚሆን፣ በ0.06 ሲባዛ ደግሞ በጣም ትንሽ እንደሚሆን እርሳስ ሳያነሱ ማወቅ ይቻላል። ይህን ሳያዩ ወደ ስሌት መግባት ትልቅ ጉዳት አለው ብዬ አስባለሁ፤ ነጥቡን አንድ ቤት ያሳሳተ ሰው መልሱን አሥር እጥፍ አድርጎት ሳለ የሚያነቃው ነገር አይኖረውም።

ሁለቱም አባዢዎች ከ1 ሲያንሱ ውጤቱ ከሁለቱም ያንሳል፤ ይህንን ደግሞ በሥዕል ማየት ይጠቅማል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 የሆነ ካሬ በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ ስፋቱ 1 ነው። የላይኛውን ጎን በአሥር እኩል ቦታ ከፍለው መስመሮቹን ወደታች ያውርዱ፤ የግራውንም ጎን እንዲሁ በአሥር ከፍለው መስመሮቹን ወደ ቀኝ ይውሰዱ። አሁን ትልቁ ካሬ 100 ትንንሽ ካሬዎች ሆኗል፤ የእያንዳንዷ ትንሽ ካሬ ጎን 0.1 ነው፤ ስፋቷ ግን የትልቁ ካሬ አንድ መቶኛ፣ ማለትም 0.01 ነው። አስረኛ በአስረኛ ሲባዛ መቶኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት፣ ከላይ ወደታች ሁለት ትንንሽ ካሬዎችን የያዘውን ቦታ ያጥቁሩ። ርዝመቱ 0.3፣ ወርዱ 0.2 ነው፤ በውስጡ ያሉት ካሬዎች 6 ናቸው፤ ስፋቱም 6 መቶኛ ነው። ስለዚህ 0.3 × 0.2 = 0.06 ይሆናል። ብዙ ሰው 0.6 ብሎ የሚጽፈው በመደመር ያየውን ስለሚከተል ነው፤ 0.3 + 0.2 = 0.5 ሲሆን አስረኛና አስረኛ ተደምረው አስረኛ እንደሆኑ ይቀራሉ። በማባዛት ግን ቤቱ ራሱ ይለወጣል። ሥዕሉ ላይ 0.6 ማለት 60 ትንንሽ ካሬዎች፣ ማለትም ከትልቁ ካሬ ግማሽ በላይ ነው፤ የጠቆረችውን ትንሽ ጥግ ያየ ሰው ይህን መልስ ሊቀበል አይችልም።

ነጥቡን የት ማስቀመጥ

የታወቀው ደንብ፣ ነጥቦቹን ትቶ እንደ ሙሉ ቁጥር ማባዛት፣ ከዚያም በሁለቱ ቁጥሮች ከነጥብ በስተቀኝ ያሉትን አሃዞች ቆጥሮ ደምሮ ያንኑ ያህል አሃዝ ከብዜቱ ቀኝ በኩል ቆጥሮ ነጥቡን ማስቀመጥ ነው። ስቴቪን ይህን በራሱ ምልክቶች ሲያደርግ የመጨረሻዎቹን አሃዞች በክብ የተጻፉ ቁጥሮች ይደምር ነበር፤ 1 እና 2 ሲደመሩ 3፣ ማለትም አስረኛ በመቶኛ ሲባዛ ሺኛ ይሆናል። የደንቡ ምስጢር ይኸው ነው። የአንድ መቶኛ አንድ አስረኛው አንድ ሺኛ ነው፤ አሃዞችን ስንቆጥር የምንቆጥረው በአሥር ስንት ጊዜ እንዳካፈልን ነው።

2.4 × 1.35ን እንሥራ። መጀመሪያ ግምት፤ አባዢው 1.35 ከ1 በልጦ ከ2 ስለሚያንስ፣ መልሱ ከ2.4 በላይና ከ4.8 በታች ነው። ቀጥሎ ስሌት፤ 24 × 135 = 3240። ከነጥብ በኋላ በመጀመሪያው ቁጥር አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በድምሩ ሦስት አሃዞች ስላሉ 3.240፣ ማለትም 3.24 ይሆናል። ግምቱ ውስጥ ይወድቃል። ነጥቡ ተሳስቶ 32.4 ወይም 0.324 ቢጻፍ ኖሮ ግምቱ ወዲያው ያጋልጠው ነበር።

በዚህ ደንብ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ወጥመድ ዜሮን ቀድሞ መሰረዝ ነው። 0.25 × 0.4 ሲሠራ 25 × 4 = 100 ነው፤ ሦስት አሃዞችን ቆጥረን 0.100፣ ማለትም 0.1 እናገኛለን። ተማሪው ነጥቡን ከማስቀመጡ በፊት የ100ን ሁለት ዜሮዎች ቢሰርዝ 1 ይቀረውና ሦስት ቤት ቆጥሮ 0.001 ይጽፋል፤ ይህ ከእውነተኛው መልስ መቶ ጊዜ ያነሰ ነው። ዜሮ የሚሰረዘው ነጥቡ ቦታውን ከያዘ በኋላ ብቻ ነው። አሃዞቹ የማይበቁበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ በግራ በኩል ዜሮ ይሞላል፤ 0.03 × 0.2 ሲሠራ 3 × 2 = 6 ነው፤ ሦስት ቤት ለመሙላት 0.006 ይጻፋል።

በ10፣ በ100ና በመሰሎቻቸው ማባዛት የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በሙሉ ቁጥሮች ላይ «ዜሮ ጨምር» የሚለው አባባል ይሠራል፤ 45 × 10 = 450። 0.45 ላይ ዜሮ ቢጨመር ግን 0.450 ስለሚሆን ምንም አልተባዛም። የሚሆነው ነገር እያንዳንዱ አሃዝ አንድ ቤት ወደ ግራ መዛወሩ ነው፤ አራቱ አስረኛ አራት አንድ፣ አምስቱ መቶኛ አምስት አስረኛ ይሆናሉ፤ መልሱም 4.5 ነው። በ0.1 ማባዛት ይህንኑ ወደ ቀኝ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በ10 ከማካፈል ጋር አንድ ነው።

ማባዛት ሲደጋገም

ከ1 ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ የሚሉ አባዢዎች አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠሩ ለውጣቸው እምብዛም አይታይም፤ ሲደጋገሙ ግን ባሕርያቸው ይገለጣል። 0.9ን በራሱ ደጋግመን ስናባዛ 0.81፣ 0.729፣ 0.6561፣ 0.59049፣ 0.531441፣ 0.4782969 እያለ ይወርዳል፤ ሰባት 0.9ዎች ሲባዙ ከግማሽ በታች ይሆናሉ። በየጊዜው የሚቀነሰው መጠን እያነሰ እንደሚሄድም ልብ ይበሉ፤ ሁልጊዜ የሚወሰደው ከቀረው ላይ አንድ አስረኛ ስለሆነ ውጤቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ዜሮ አይሆንም። 1.1 በተቃራኒው 1.21፣ 1.331፣ 1.4641 እያለ ይወጣል፤ ስምንት 1.1ዎች ሲባዙ 2.14358881 ስለሚሆን ከእጥፍ ያልፋል።

በዚህ የተነሳ አንድ መጠን በ20 በመቶ አድጎ እንደገና በ20 በመቶ ቢቀንስ ወደ ነበረበት አይመለስም። ማደጉ በ1.2 ማባዛት ነው፤ መቀነሱ በ0.8 ማባዛት ነው፤ 1.2 × 0.8 = 0.96 ስለሆነ ከመነሻው አራት መቶኛ ይጎድላል። ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠው፣ መጀመሪያ ቀንሶ ኋላ ቢያድግ፣ ብዜቱ ያው ስለሆነ ውጤቱ አይለወጥም። ሁለቱን 20 በመቶዎች የማያጣፋቸው፣ አንዱ ከመነሻው፣ ሌላው ግን ከአደገው መጠን ላይ የተወሰዱ መሆናቸው ነው።

ማባዛት ወይስ ማካፈል?

የተሳሳተው እምነት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ስሌቱን ስንመርጥ ነው። የአንድ ሜትር ሽቦ ክብደት 6.4 ግራም ከሆነ የ3 ሜትሩ ስንት ነው ሲባል ሁሉም ሰው ያባዛል። የ0.75 ሜትሩ ስንት ነው ሲባል ግን፣ መልሱ ከ6.4 ማነስ እንዳለበት በትክክል ያየው ተማሪ፣ የሚያሳንሰው ማካፈል ነው ብሎ 6.4ን ለ0.75 ያካፍላል፤ ከ8.5 የሚበልጥ ቁጥርም ያገኛል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ በሁለቱም የሚጠየቀው የአንዱን ሜትር ክብደት በርዝመቱ ማባዛት ነው፤ 6.4 × 0.75 = 4.8 ግራም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲያደናግር አስርዮሹን ለጊዜው በቀላል ሙሉ ቁጥር መተካት፣ በዚያ የትኛው ስሌት እንደሚሠራ መለየት፣ ከዚያም ያንኑ ስሌት በመጀመሪያው ቁጥር ማካሄድ ጥሩ መውጫ ነው።

ማካፈልም ቢሆን ሁልጊዜ አያሳንስም። 6 ሜትር ሽቦ ግማሽ ግማሽ ሜትር እየሆነ ቢቆረጥ 12 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ስለዚህ 6 ÷ 0.5 = 12። ከ1 በሚያንስ አካፋይ ማካፈል የሚያሳድገው፣ ትንንሽ ክፍሎች በአንድ ሙሉ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚገኙ ነው። የማባዛቱ መለኪያ 1 እንደነበረ የማካፈሉም እሱ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል።

እስካሁን የተባለውን ለመለማመድ 37 × 48 = 1776 መሆኑን ብቻ ይዘው፣ አሃዝ ሳይቆጥሩ በግምት ብቻ ነጥቡን ያስቀምጡ። 3.7 × 0.48 የ3.7 ግማሽ ለመሆን ጥቂት ስለሚጎድለው ከ1.85 በታች ነው፤ 1.776 ነው። 370 × 0.48 የ370 ግማሽ፣ ማለትም 185 ሊሆን ትንሽ የጎደለው ስለሆነ 177.6 ነው። 0.37 × 0.048 ትንሽ ያስቸግራል፤ 0.048 ወደ 0.05 ይጠጋል፤ የ0.37 አንድ አስረኛ 0.037 ሲሆን የዚያ ግማሽ 0.0185 ነው፤ ስለዚህ መልሱ 0.01776 ነው። አሁን አሃዞቹን ቆጥረው ያመሳክሩ፤ ሁለት እና ሦስት፣ በድምሩ አምስት ቤት።